የከዚራዋ ዘንዶ፦ ከመስታወቱ ፊት ቁሙ፣ አንገታችሁ ላይ ግን አታስቀምጧት

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከምድር ባቡሩ ጣቢያ በእግር በሚደረስበት አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ዘንዶዎች ለሕዝብ እየታዩ ነው። መግቢያው ለአዋቂ 100 ብር፣ ለልጅ 50 ብር ነው። ትልቋን ዘንዶ አንገት ላይ አድርጎ ፎቶ ለመነሳት ደግሞ 150 ብር ለብቻው ይከፈላል። የመግቢያው ገንዘብ አይቆጭም። የፎቶው ግን ለእናንተም ለእንስሳዋም አይበጅም።

ትልቋ ሴት ናት። የዝርያዋ ሳይንሳዊ ስም ፓይተን ሴቤ ይባላል፤ ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ አገሮች፣ በእኛም አገር በቆላው በኩል የሚኖር ግዙፍ እባብ ነው። ሳጥኗ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከየት እንደመጣች አይደብቅም፦ ገና ጫጩት ሳለች ሰው ቤት ገባች፣ እዚያው አደገች፣ ባለቤቷ መያዝ ሲያቅተው ለማሳያው ሰጣት። ነገሩ የተለመደ ነው። ከእንቁላል ስትወጣ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው፤ በእጅ ላይ ተጠምጥማ የምትቀመጥ ትንሽ ፍጥረት ናት። በደንብ ከበላች ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ሜትርን ታልፋለች፣ 20 ዓመትና ከዚያ በላይም ትኖራለች። ጫጩቷን ወድዶ የወሰደ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ሙሉ ክፍል እንደምትፈልግ አያስብም።

ጽሑፉ ርዝመቷን «5 ሜትር» ይላል። አይደለችም። ሳጥኑ 3 ሜትር ነው፤ ጀርባውን ተከትላ ስትዘረጋ ጭራዋ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ይታጠፋል፤ ስለዚህ 3 ሜትር ከግማሽ ናት። ለዝርያዋ ይህ ጥሩ መጠን ነው፤ አብዛኞቹ ትልልቆች እዚያው አካባቢ ናቸው። ስህተቱ የመጣው በር ላይ ከተሰቀለው፣ ከጣለችው ቆዳ ይመስላል። እባብ ቆዳውን ሲጥል ቆዳው እንደ ካልሲ ተገልብጦና ተወጥሮ ነው የሚወጣው፤ ብዙ ጊዜ ከእባቡ በ20 በመቶና ከዚያም በላይ ይረዝማል። በቆዳ የተለካ ዘንዶ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይረዝማል። በሰው እጅ ከኖሩት እባቦች ሁሉ ረጅሟ ተብላ የተመዘገበችው፣ አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ የነበረችው ሬቲኩሌትድ ፓይተን የምትባል የእስያ ዘንዶ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ስትለካ 7.67 ሜትር ነበረች። ሰፈር ውስጥ «10 ሜትር ዘንዶ ታየ» ሲባል ይህችን ቁጥር ማስታወስ ይጠቅማል። ማሳያው 3 ሜትር ከግማሽ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ የሚቀንስበት ነገር የለም፤ እንስሳዋ እንደሆነች በራሷ ታስደነግጣለች።

ሳጥኑ በርዝመቱ 3፣ በወርዱ 1.20 ሜትር ነው። ልምድ ያላቸው እባብ አርቢዎች ከሚጠቀሙበት መለኪያ አንዱ የሳጥኑ ርዝመትና ወርድ ተደምሮ ከእባቡ ርዝመት ማነስ የለበትም የሚለው ነው፤ እዚህ ድምሩ 4.20 ስለሚመጣ ያልፋል። በሩ በሁለት ጓጉንቸር ይቆለፋል፣ ላይኛው የአየር መግቢያም በወፍራም ወንፊት ሽቦ ተበይዷል። ይህ ዝርዝር ተራ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ ኒው ብራንስዊክ፣ የዚሁ የአፍሪካ ዘንዶ ዝርያ የሆነ አንድ እባብ ከማቆያው በአየር ማስተላለፊያ በኩል ወጥቶ፣ ከላይ ባለው ቤት ውስጥ ተኝተው የነበሩ ሁለት ሕፃናትን ገድሏል። ስለዚህ ሌላኛው ጽሑፍ «መርዝ የለውም፣ ሰው አይጎዳም» ማለቱ መታረም አለበት። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ሁለተኛው አይከተልም። ዘንዶ መርዝ የለውም፤ ሦስት ሜትር ካለፈ በኋላ ግን ሰው ሊገድል የሚችል ጉልበት አለው፤ የሚያደርሰው አደጋ በጣም ጥቂት የሆነውም በር የሚዘጉ ሰዎች ስላሉ ጭምር ነው።

ትንሹ ዘንዶ ያለበት ሳጥን ግን ሌላ ነው። እሱ አንድ ሜትር ከግማሽ ያህል የሆነ ወንድ ነው፤ መስታወቱ ተንሸራታች ነው፣ የሚይዘውም በሁለቱ መስታወቶች መካከል የተሸጎጠ የታጠፈ ካርቶን ነው። ቁልፍ የለውም። እባብ ሌሊት ሲነቃ የሳጥኑን ጠርዝ በአፍንጫው እየገፋ ይዞራል፤ አንዴ የላላ ቦታ ካገኘ በየሌሊቱ ወደዚያው ይመለሳል። ካርቶን ደግሞ በእርጥበት ይላላል። አፍንጫው ጫፍ ላይ ያለችው የተላጠች ነጭ ነጥብ መግፋት መጀመሩን ትናገራለች። ለሱቅ መስታወት የሚሸጠው፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው መቆለፊያ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ይገኛል፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው።

የሙቀቱ ጉዳይ ሰፋ አድርጎ መነገር አለበት፤ ድሬ ላይ ዘንዶ ሲያዝ የሚበላሸው ከሁሉ በፊት እሱ ነውና። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያስተካክለው ቦታ በመቀየር ነው። ስለዚህ ሳጥኑ አንድ ሞቃት ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ አንድ ቀዝቃዛ ጫፍ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሊኖረው ይገባል። በአውሮፓ የተጻፈ መመሪያ ሁሉ የሚጨነቀው ሞቃቱን ጫፍ ለማግኘት ነው፤ እዚህ የሚቸግረው ቀዝቃዛውን ማግኘት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የትልቋ ሳጥን ሁለት ጫፎች 32 እና 27 ነበሩ፤ በጣም ጥሩ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ግን በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ፀሐይ ገብታ መስታወቱን ስትመታው፣ 36 እና 34 ሆኑ። ያን ጊዜ የማሞቂያውን አምፖል ቴርሞስታቱ (ሙቀት ሲበዛ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ) ቢያጠፋውም ምንም አይለውጥም፤ መስታወት የገባበትን ሙቀት አፍኖ ይይዛል። ዘንዶዋም ውሃ ገንዳዋ ውስጥ ተጠቅልላ ነበር። ጎብኚው «ዋና ትወዳለች» ብሎ ይስቃል፤ እሷ ግን ከሙቀት እየሸሸች ነው። የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ሲመጣ፣ ከቆርቆሮው በታች፣ ይህ ለሞት ሊያደርሳት ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መስኮቱ ከውጭ በኩል በወፍራም ሸራ ይሸፈን፤ መጋረጃ ከውስጥ ቢሰቀል ሙቀቱ ቀድሞ ገብቷል። ሳጥኑ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ይዙር። አምፖሉ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ቀን ቀን ጭራሹን ይጥፋ። ከሳጥኑ ጀርባ እርጥብ ጆንያ ተሰቅሎ ማራገቢያው ወደ ጆንያው ቢዞር ክፍሉ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይወርዳል፤ ማራገቢያውን ግን ቀጥታ ወደ እባቧ ማዞር ቆዳዋን ያደርቀዋል። ከሁሉም በላይ በየቀኑ 3 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ሁለቱን ጫፎች ለክቶ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይነጣጠር የነበረው ዓይነት መለኪያ ለሰው ሙቀት ብቻ የተሠራ ስለሆነ አይሆንም፤ የመካኒኮቹ፣ የዕቃ ሙቀት የሚለካው ያስፈልጋል።

አምፖሉ በሽቦ መከለያ ውስጥ መሆኑ ግን ያስመሰግናል። መከለያ የሌለው አምፖል ላይ ዘንዶ ተጠምጥሞ ሲቃጠል አይነሳም፤ ቁስሉ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው።

ከሙቀቱ ቀጥሎ ያለው ደረቅነቱ ነው። ለዚህ ዝርያ ከ50 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ይበቃል፣ ቆዳ በምትጥልበት ሳምንት ደግሞ ወደ 70 ከፍ ይላል። የድሬ አየር በጋ ላይ ይህን አይሰጥም። ውጤቱን ጭራዋ ላይ ታዩታላችሁ፦ ጫፉ ላይ እንደ ቀለበት የቀሩ ሁለት ግራጫ የአሮጌ ቆዳ ክቦች አሉ። ከባለፈው ጊዜ የቀሩ ናቸው። በየጊዜው እየተደራረቡ ከጠበቁ ደም ያቆማሉ፣ ጫፉ ይደርቅና ይቆረጣል። አስተካክሎ ማውለቅ ይቻላል፤ በሳፋ ውስጥ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሆነ ለብ ያለ ውሃ፣ ከሰውነቷ ውፍረት ግማሽ በማይበልጥ ጥልቀት፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማቆየት፤ ከዚያ እርጥብ ፎጣ ውስጥ ራሷ እንድትሳብ መተው። በጥፍር መላጥ አይገባም። ዓይኗ ላይ ክዳን የመሰለ ቅርፊት ቢቀር ደግሞ ከቶ አይነካም፤ የእባብ ዓይን ቆብ የለውም፣ ያ ግልጽ ቅርፊት ነው የሚሸፍነው፣ ሲጎተት ዓይኑን ይጎዳል። በአንድ ጥግ አፉ የተቀደደ የፕላስቲክ ሳጥን ከእርጥብ ጨርቅ ጋር ቢቀመጥላት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጨርቁ በሦስት ቀን አንዴ ይቀየር፣ አለዚያ ይሻግታል።

ምግቧን በተመለከተ ማሳያው ትልቅ ምስጋና ይገባዋል። በሕይወት ያለ ፍየል ወይም ጥንቸል በሕዝብ ፊት አይጣልላትም። ጥንቸሉ ቀድሞ ታርዶ፣ በፍሪዘር ቆይቶ፣ ቀልጦና ሞቆ፣ ረቡዕ ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይሰጣታል። እንዲህ ያለው አሠራር ትርዒት ፈልጎ ለመጣ ሰው ያሳዝን ይሆናል፤ ነገር ግን በሕይወት ያለ አይጥ ወይም ጥንቸል ያልራበውን ዘንዶ ነክሶ ያቆስለዋል፤ ሕዝቡም የሚያየው እንስሳ ሳይሆን ግድያ ብቻ ይሆናል። የምግቡ ውፍረት ከእባቧ ወገብ ብዙም አይበልጥም፣ በየሦስት ሳምንቱም አንዴ ነው። አልወፈረችም፤ ስትጠቀለል በመታጠፊያው ላይ የስብ እጥፋት አይታይባትም። ብዙ ማሳያዎች ዘንዶ «ትልቅ እንዲመስል» እያሉ በየሳምንቱ ይመግባሉና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ግን ጥንቸሉ ይቀልጣል፤ የቀለጠን መልሶ ማቀዝቀዝ ሆድ ያበላሻል፣ ትተፋዋለች። አስጎብኚው ይህን ያውቀዋል፤ ከአራት ሰዓት በላይ ከጠፋ የቀለጠውን ይጥላል።

አስጎብኚው የማሳያው ትልቁ ሀብት ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እየቀያየረ ያስረዳል፤ አንዱን «ዘንዶ»፣ ሌላውን «ጃዌ»፣ ሦስተኛውን «ጀቢሶ» እያለ ሁሉንም ወደ አንድ መስታወት ያመጣቸዋል። ጥያቄዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ላም ትጠባለች? አትጠባም፤ የሚጠባ ከንፈር የላትም፣ ወደ ኋላ የታጠፉት መርፌ ጥርሶቿም ላሟን በአንድ ጊዜ ያስፈነጥሯታል። ከጎን ተዘርግታ ሰው ትለካለች? አትለካም፤ አድፍጣ የምትይዝ እንስሳ ናት፣ ያገኘችውን በቅጽበት ነው የምትይዘው። አጥንት ትሰብራለች? ይህን ጽሑፉ ራሱ ስለሚል አስጎብኚው በየቀኑ ያርማል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቦአ በሚባሉ፣ እንደ ዘንዶ ጠምጥመው በሚገድሉ እባቦች ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ጥምጥሙ የሚገድለው በሰከንዶች ውስጥ የደም ዝውውርን በማቆም ነው። በየቀኑ በቃል ከማረም የተለጠፈውን ወረቀት አንዴ ማረም ይሻላል።

ለልጆች የሚያሳያቸው ሁለት ነገሮች ብቻቸውን መግቢያውን ያወጣሉ። የመጀመሪያው ከንፈሯ ላይ ነው፦ አፍንጫዋን ወደ መስታወቱ ስታስጠጋ ጠርዙ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ። በእነሱ ሙቀት ታያለች፤ በጨለማ አይጧን የምታገኛት በዚህ ነው፣ መዳፋችሁን መስታወቱ ላይ ስታሳርፉ ራሷን የምታዞረውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጭራዋ ከሚጀምርበት ቦታ ግራና ቀኝ ነው፤ እንደ ዶሮ ጥፍር ያለች፣ ቡናማ፣ ሩዝ የምታህል ነገር ወጥታ ትታያለች። የኋላ እግር ቅሪት ናት፤ ትንሹ ወንድ ላይ ጎላ ትላለች። «በሆድህ ትሄዳለህ» የሚለውን ቃል እየሰማ ያደገ ልጅ ይህችን ጥፍር ሲያይ ፊቱ ላይ የሚወጣው ነገር መታየት ያለበት ነው።

እዚህ ላይ በሩ ላይ የተሰቀለው ባነር ያናድዳል። ዘንዶውን አፉን ከፍቶ፣ እንደ እፉኝት ሁለት ረጃጅም የመርዝ ጥርሶች አውጥቶ፣ ደም ሲያንጠባጥብ ሥሎታል። በአማርኛ «ዘንዶ» የሚለው ቃል ራሱ ሸክሙ ከባድ ነው፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦሩ የወጋው ዘንዶ ነው፣ በአክሱም አፈ ታሪክ ሕዝቡን ያስገብር የነበረው አርዌም ዘንዶ ነው። በር ላይ የደረሰ ሰው ይህን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው። ባነሩ የዚያን ፍርሃት ገንዘብ ይሰበስባል፤ አስጎብኚው ውስጥ ገብቶ ለማፍረስ ይደክማል። ለነገሩ ከዚያው ትውፊት ሌላም ዘንዶ አለ፤ አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ አምባ ላይ የወጡት በዘንዶ ነው፣ ሥዕሉም በየቤተ ክርስቲያኑ አለ። አንድ ሥዕል መምረጥ ካስፈለገ የሚያረጋጋውም ከእኛው ዘንድ አለ። በደቡብ አፍሪካ የሚኖረው የዚህች ዘንዶ የቅርብ ዘመድ ሴቷ እንቁላሏን ታቅፋ ወራት ሳትበላ ትቆያለች፣ ከተፈለፈሉም በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ጫጩቶቿን በገላዋ ታሞቃለች። ይህ ባነር ላይ ቢወጣ ሰው የሚቀር አይመስለንም።

አሁን ወደ ፎቶው። 3 ሜትር ከግማሽ የሆነች ዘንዶ ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ሳይቆሙ አትወጣም። እዚህ አንድ ብቻ ነው ያለው። አንገት ደግሞ ለዘንዶ ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው፦ የምትወድቅ ሲመስላት ትጠብቃለች፣ ስትጠብቅ ያለችው ጉሮሮ ላይ ነው። ዝም ማለቷን እንደ ለማዳነት አትቁጠሩት። ራሷን በጥምጥሙ ሥር ከቀበረች፣ ትንፋሿ ከጮኸ፣ ምላሷን ማውጣት ካቆመች ተጨንቃለች። ከአጠገቡ ያለው ሞንታርቦ ደግሞ ያባብሰዋል፤ እባብ ውጫዊ ጆሮ ባይኖረውም የመሬቱን መንቀጥቀጥ በመንጋጋው ይቀበላል፣ ሳጥኑም ስፒከሩም ያሉት አንድ የእንጨት መድረክ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በተከታታይ ብዙ ሰው አንገት ላይ ስትዞር ረቡዕ የበላችው ገና እየተፈጨ ነው። የበርማ ፓይተን ልብ ከበላ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ 40 በመቶ ያህል እንደሚያድግ ተለክቷል፤ ሰውነቷ በሙሉ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ስትነሳ ትተፋለች። ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ለትልቅ ምግብ ደግሞ ሳምንት ድረስ ባትነካ ይሻላል።

ከነካችሁ ወይም ልጆቻችሁ ትንሹን ከነኩ እጅ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ግዴታ ነው፤ ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ ሆነውም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ጀርም ይይዛሉ። ግቢው ውስጥ ያለው ሳኒታይዘር ብቻ ነው። አንድ ጀሪካን ውሃና ሳሙና በር ላይ ቢቀመጥ ነገሩ ያልቃል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ባይነኩ ይመረጣል።

የጎደለ አንድ ትልቅ ነገር አለ። የድሬና የሐረር ዙሪያ ሰው በመንገድ የሚያገኘው ዘንዶን ሳይሆን እፉኝትን ነው። ወፍራሟ እፉኝት በአብዛኛው አንድ ሜትር አትሞላም፣ ጀርባዋ ላይ እንደ ቀስት የታጠፉ መስመሮች አሏት፣ ሰው ሲቀርባትም ከመሸሽ ይልቅ እንደተኛች ትቀራለች፤ ዘንዶ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ለስላሳ ቅርፊትና ያልተስተካከሉ ሰፋፊ ቡናማ ቅርጾች አሉት። ሁለቱ ጎን ለጎን በፎቶ ቢሰቀሉ፣ ሥሩም «ከተነከሱ አይቁረጡ፣ አይምጠጡ፣ በገመድ ወይም በጨርቅ አጥብቀው አይሰሩ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከትኬቱ ጋር የሰው ሕይወት ወደ ቤት ይገባ ነበር።

ሲወጡ «ጫጩት ይሸጣል?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። አይሸጥም፣ ሌላ ቦታም አትግዙ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው፤ ዘንዶዎች በሙሉ ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. በተቀበለችው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። አሜሪካም ፍሎሪዳ ውስጥ የተለቀቁ የበርማ ፓይተኖች ረግረጉን ከሞሉት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እነሱንና ይህንኑ የአፍሪካ ዘንዶ ከውጭ ማስገባት ከልክላለች።

ከሐረር የምትመጡ፣ ሚኒባሱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ እያያችሁ ያደጋችሁ ሰዎች የዚህን ቦታ ጥሩ ጎን ከማንም ቀድማችሁ ትረዱታላችሁ፤ ጅቡን ማንም አንገቱ ላይ አያስቀምጠውም፣ ሁሉም ግን ጠባዩን ያውቀዋል። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ድረሱ፤ ያኔ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ሞንታርቦውም አልተከፈተም፣ ዘንዶዋ ሞቃቱ ጫፍ ላይ ሙሉ ርዝመቷን ዘርግታ ትገኛለች። ከሰዓት በኋላ የሚጠብቃችሁ በገንዳ ውስጥ የተጠቀለለች ጀርባ ብቻ ነው። የትንሹ ሳጥን ቁልፍ እስኪገባለት ድረስ ግን ልጆች መስታወቱን እንዳያንሸራትቱ እጃቸውን ያዙ፤ ካርቶኑ በአንድ ጣት ይወጣል።